ሶርስ ኮዱ የጠፋ ፕሮግራም፦ ከሚሠራው ፋይል ምን ያህሉን መመለስ ይቻላል?

የ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አሳደገው፤ የ10 በመቶው እርከንም ቀረ። የግብር ሠንጠረዡን ከዳታቤዝ የሚያነብ የደመወዝ ፕሮግራም ያለው መሥሪያ ቤት ጥቂት መስመሮች አስተካክሎ ሥራውን ይቀጥላል። ሠንጠረዡ ፕሮግራሙ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈበት፣ የሠራው ባለሙያ የሄደበትና ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራመሩ የጻፈው፣ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ) የማይገኝበት መሥሪያ ቤት ግን ደመወዙን በኤክሴል ለማስላት ይገደዳል። ፕሮግራሙ ምንም አልሆነም፤ ይከፈታል፣ ያሰላል፣ ያትማል። የሚያሰላው ግን በቀድሞው ሕግ ነው።

እንዲህ ያለው ፕሮግራም "ይጣል፣ አዲስ ይሠራ" ከመባሉ በፊት አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ኮምፓይል የተደረገ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደሚያስፈጽመው መልክ የተለወጠ ፋይል ፕሮግራመሩ የጻፋቸውን ቃላት ባይዝም የፕሮግራሙን ባህሪ አንድም ሳይቀር ይዟል፤ ካልያዘማ ሊሠራ አይችልም ነበር። ስለዚህ ግቡ መሆን ያለበት ከቀድሞው ጋር እስከ ሳንቲም የሚስማማ፣ ሰው ሊያነበውና ሊያስተካክለው የሚችል ኮድ ማግኘት ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን ጠፋ ከተባለው ብዙው ይመለሳል።

ዲኮምፓይለር ከመከፈቱ በፊት

ዲኮምፓይለር የሚሠራውን ፋይል መልሶ ወደሚነበብ ኮድ የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ከእሱ በፊት የሚመጣው የመጀመሪያ ሥራ ግን ሶርሱን ራሱን መፈለግ ነው። ፕሮግራመሩ ይሠራበት የነበረው ኮምፒውተር ካለ አይነካ፤ በቅድሚያ ሐርድ ዲስኩ ሙሉ ለሙሉ ወደ ምስል ፋይል ይቀዳ፣ ፍለጋውም በቅጂው ላይ ይካሄድ። የቪዥዋል ቤዚክ 6 የፎርም ፋይል ተራ ጽሑፍ ሲሆን የመጀመሪያ መስመሩ "ቨርዥን 5.00" የሚል ነው። ይህን መስመር በጥሬው ዲስክ ላይ መፈለግ ከዓመታት በፊት የተደለተ ፋይል ሊያወጣ ይችላል፤ ፎቶሬክን የመሰሉ ነፃ መሣሪያዎችም በፋይል ዓይነት እየለዩ ያወጣሉ። ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ተስፋው ቀጭን ነው፤ ትሪም የተባለው አሠራር የተደለተውን ቦታ ባዶ ያደርገዋል።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሶርስ አሁን ከሚሠራው ፕሮግራም ያረጀ ነው። ይህ ተስፋ ሊያስቆርጥ አይገባም። የሦስት ዓመት አሮጌ ሶርስ ማለት የስሞቹና የአወቃቀሩ አብዛኛው ክፍል ተገኘ ማለት ነው፤ የሚቀረው ልዩነቱን ብቻ ከሚሠራው ፋይል ማውጣት ይሆናል።

ጎን ለጎን የሚሠራው ፕሮግራም ይጠበቅ። ዋናው ፋይል፣ አብረውት ያሉት ዲኤልኤልና ኦሲኤክስ ፋይሎች (ፕሮግራሙ የሚጠራቸው ረዳት ፋይሎች)፣ ዳታቤዙና የሬጂስትሪ ቁልፎቹ በአንድነት ይቀዱ፤ የእያንዳንዱ ፋይል የሻ-256 ቁጥር (ፋይሉ አለመለወጡን የሚያሳይ አሻራ) ይመዝገብ። ከዚያ ከኔትወርክ በተለየ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ተጭኖ እንደሚሠራ ይረጋገጥ። እዚህ ላይ ካልተነሣ የጎደለው ብዙውን ጊዜ አንድ ያልተመዘገበ ኦሲኤክስ ነው።

በሕግ በኩል ያለውም አሁን ይጠየቅ። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ነው። ስለዚህ ከፕሮግራመሩ ጋር የተፈረመውን ውል ማየት፣ ሰውዬው ከተገኘም የጽሑፍ ፈቃድ መቀበል ይበጃል። በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2021 እ.ኤ.አ. በቤልጂየም መንግሥትና በቶፕ ሲስተም መካከል በነበረው ጉዳይ፣ ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ስሕተት ለማረም ሲል ዲኮምፓይል ማድረግ እንደሚችል ወስኗል። ያ ውሳኔ እኛን አያስርም፤ የክርክሩን አቅጣጫ ግን ያሳያል።

በምን ተጻፈ?

የሥራውን ክብደት የሚወስነው ይህ ጥያቄ ነው። ዲቴክት ኢት ኢዚ የተባለው ነፃ መሣሪያ ፋይሉ በምን ኮምፓይለር እንደተሠራና ታሽጎ እንደሆነ ይናገራል። ዩፒኤክስ በተባለው መጭመቂያ ከታሸገ በራሱ በዩፒኤክስ ይፈታል። መሣሪያው ባይኖር እንኳ ፋይሉ የሚጠራቸውን ዲኤልኤሎች ማየት ይበቃል። ኤምኤስቪቢቪኤም60 ካለ ቪዥዋል ቤዚክ 6 ነው፤ ኤምኤስኮርኢኢ ካለ ዶትኔት ነው፤ ቪኤፍፒ9አር ካለ ቪዥዋል ፎክስፕሮ 9 ነው።

ዶትኔትና ጃቫ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። የክላስ፣ የሜተድና የፊልድ ስሞች ፋይሉ ውስጥ ስለሚቀሩ፣ አይኤልስፓይ ለዶትኔት፣ ሲኤፍአር ለጃቫ በደቂቃዎች ውስጥ ሊነበብ የሚችል ኮድ ያወጣሉ። የጠፋው ኮሜንቱና የአካባቢ ቫሪያብሎች ስም ነው። ሆን ተብሎ ስሙ የተደበላለቀ ካልሆነ በቀር እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ፎክስፕሮም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ያለው ማሽን ኮድ (ፕሮሰሰሩ በቀጥታ የሚያስፈጽመው) ስላልሆነ ሪፎክስ የተባለው መሣሪያ ከነቫሪያብል ስሙ ይመልሰዋል። በፓይተን ተጽፎ በፓይኢንስቶለር የታሸገ ፋይልም ይፈታል፤ እንቅፋቱ የፓይተኑ እትም ነው፤ አንኮምፓይል6 ከ3.8 በኋላ የወጡትን አይደርስባቸውም።

ቪዥዋል ቤዚክ 6 በመካከል ላይ ይቆማል። ፎርሞቹ ከነአዝራሮቻቸው፣ ከነስማቸውና ከነጽሑፋቸው ይወጣሉ፤ የትኛው አዝራር ሲጫን የትኛው ኮድ እንደሚነሣም ይታወቃል። በሞጁል ውስጥ ያሉ ፈንክሽኖች ስም ግን ጠፍቷል። ፕሮግራመሩ ኮምፓይል ሲያደርግ ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ፒ-ኮድ (በአስተርጓሚ የሚሠራ መካከለኛ ኮድ) ከመረጠ ቪቢ ዲኮምፓይለር ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ ኔቲቭ ኮድ (ማሽን ኮድ) ከመረጠ ግን የሚገኘው ብዙ በእጅ መሥራት የሚፈልግ ረቂቅ ነው። ዴልፊም ተመሳሳይ ነው፦ ፎርሙና የክስተት ፈንክሽኖቹ ስም ይተርፋሉ፣ የስሌቱ አካል ማሽን ኮድ ነው። በአክሰስ የተሠራ ከሆነ ቅጥያው ይታይ፤ ኤምዲኢ ወይም ኤሲሲዲኢ ከሆነ የቪቢኤው (በአክሰስ ውስጥ የሚጻፈው ኮድ) ሶርስ ተገፎ ወጥቷል፤ ኤምዲቢ ሆኖ የይለፍ ቃል ብቻ ካለበት ግን ሶርሱ እዚያው አለ።

ሲና ሲ++ ከሁሉም ይከብዳሉ። ጊድራ ለዚህ ተመራጭ መነሻ ነው፤ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በማርች 2019 እ.ኤ.አ. በነፃ የለቀቀው ሲሆን ዲኮምፓይለሩ በገንዘብ ከሚሸጠው አይዳ ፕሮ ጋር የሚወዳደር ነው። ከፋይሉ ጋር የፒዲቢ ፋይል (ኮምፓይለሩ ስሞችን የሚያስቀምጥበት) ከተገኘ የፈንክሽን ስሞች በአንድ ጊዜ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ በአሮጌ አቃፊዎች ሁሉ ይፈለግ።

በሩ ቁጥርና ጽሑፍ ነው

ዲኮምፓይለሩ ስም የሌላቸው ሺህ ፈንክሽኖች ቢደረድር ከላይ ወደ ታች ማንበብ አይገባም። ለተጠቃሚው ከሚታይ ጽሑፍ ወይም ከሚታወቅ ቁጥር ተነሥቶ ወደ ኋላ መሄድ ይሻላል። "የተጣራ ክፍያ" የሚለው ጽሑፍ የት እንደተቀመጠ ከተገኘ፣ እሱን የሚጠራው ፈንክሽን የደመወዝ ወረቀቱን የሚያትመው ነው፤ ከዚያ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መከተል ነው።

አማርኛ ጽሑፍ ፍለጋ የራሱ ጣጣ አለው። ስትሪንግስ የተባለው የተለመደ መሣሪያ እንዲሁ ሲታዘዝ የሚያየው አራትና ከዚያ በላይ የሆኑ ተከታታይ የላቲን ምልክቶችን ነው፤ ግዕዙን እንዳላየ ያልፈዋል። በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ ሥርዓት፣ አንዱ አጻጻፍ) የተጻፈ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ሲሆን የመጀመሪያው 225 ነው፤ "ሀ" ለምሳሌ 225፣ 136፣ 128 ነው። ዊንዶውስ ላይ በተለመደው ዩቲኤፍ-16 ደግሞ ፊደሉ ሁለት ባይት ይሆንና ሁለተኛው ባይት 18 ወይም 19 ነው። በየሁለት ባይቱ 18 ወይም 19 እየተደጋገመ የሚታይበት አካባቢ አማርኛ አለ ማለት ነው።

ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በእትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የተሠሩ ፕሮግራሞች ግን አማርኛን በላቲን ምልክቶች ቦታ ላይ በሚሥሉ ፎንቶች ነበር የሚያሳዩት። በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ "ደመወዝ" የሚለው ቃል ትርጉም የሌለው የምልክት ጥርቅም መስሎ ይታያል። መፍትሔው የፎርሙ መረጃ ውስጥ የተጻፈውን የፎንት ስም ማየት ነው፤ ፓወር ግዕዝ ይሁን ቪዥዋል ግዕዝ እዚያ ተጽፏል። ያን ፎንት አግኝቶ የሚፈለገውን ቃል በእሱ መጻፍና የተገኙትን ባይቶች ፋይሉ ውስጥ መፈለግ ነው።

ቁጥር ሲፈለግ ደግሞ አንዱ ቁጥር በብዙ መልክ ሊቀመጥ እንደሚችል ይታወስ። የቀድሞውን የ600 ብር ወሰን እንውሰድ። ተራ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ከሆነ ባይቶቹ 88 እና 2 ናቸው። ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ከሆነ ስምንት ባይት ነው፦ አምስት ዜሮ፣ ከዚያ 192፣ 130፣ 64። የቪዥዋል ቤዚክ ከረንሲ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ በ10,000 ተባዝቶ ስለሚቀመጥ 600 ብር 6,000,000 ይሆናል፤ ባይቶቹም 128፣ 141፣ 91 እና አምስት ዜሮ ናቸው። በአንዱ ብቻ ፈልጎ "የለም" ማለት ሥራውን ያጓትታል። ሦስቱም ይሞከሩ፤ ከ600 አጠገብ 1,650 እና 3,200 ከተገኙ የግብር ሠንጠረዡ ያ ነው።

የቀን መቁጠሪያው ፈንክሽን

በእኛ አገር ፕሮግራሞች ውስጥ በጣም በጥንቃቄ መነበብ ያለበት የዘመን አቆጣጠር ቅየራው ነው። የደመወዝ ወር፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የጡረታ ቀን ሁሉ በእሱ ላይ ያርፋሉ።

አሠራሩ አንድ ብቻ ባይሆንም በስፋት የሚሠራበት ቀመር በቁጥሮቹ ይታወቃል። የአራት ዓመት ዑደት 1,461 ቀን ነው። የዓመተ ምሕረት መነሻ በጁሊያን የቀን ቁጥር (ቀኖችን ከአንድ ጥንታዊ መነሻ ጀምሮ በተከታታይ የሚቆጥር) 1723856 ነው። ቪዥዋል ቤዚክና ዴልፊ ቀንን የሚቆጥሩት ከዲሴምበር 30 ቀን 1899 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለሆነ፣ በእነሱ በተሠራ ፕሮግራም ሁለቱ መነሻዎች ተዋሕደው 691163 የሚል ቁጥር ሊገኝ ይችላል። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 በዚያ አቆጣጠር 45181 ነው፤ 691163 ሲደመርበት 736344 ይሆናል፤ ለ1461 ሲካፈል ያለ ቀሪ 504፤ በ4 ሲባዛ 2016፤ ማለትም መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም.።

ዓመቱ ከወጣ በኋላ የቀሩት ቀኖች ለ30 ተካፍለው ወሩን ይሰጣሉ። እዚህ ጋ ልምድ የሌለው አንባቢ ይደናገራል፤ ምክንያቱም ኮምፓይለር ማካፈልን ስለማይወድ ለ30 ማካፈሉን በ2290649225 አባዝቶ 36 ቢት ወደ ቀኝ በመግፋት (ለ2 36 ጊዜ እንደማካፈል ነው) ይተካዋል። ውጤቱ አንድ ነው። ዲኮምፓይለሩ ብዙ ጊዜ ራሱ ወደ ማካፈል ይመልሰዋል፤ ካልመለሰው ግን ይህን የመሰለ ግዙፍ ቁጥር ከነግፊቱ ሲታይ ወደ ሚስጥራዊ ኮድ ሳይሆን ወደ ተራ ማካፈል ነው መጠርጠር ያለብን።

ቀመሩ ውስጥ ከ1461 ጎን 1460 የሚል ቁጥርም ይመጣል። ሲያዩት የጽሕፈት ስሕተት ይመስላል፤ አይደለም። በዑደቱ ውስጥ ከዜሮ ሲቆጠር 1460ኛው ቀን ጷጉሜን 6 ነው። ያን ማስተካከያ የዘለለ ሰው ፕሮግራሙ በሌላው ቀን ሁሉ ትክክል ይሆንለትና በአራት ዓመት አንድ ቀን ይወድቃል፦ ጷጉሜን 6 ቀን 2015 መስከረም 1 ቀን 2016 ተብሎ ይወጣል፣ በማግስቱም እንደገና መስከረም 1 ይሆናል። ይህ ስሕተት በተራ ሙከራ አይያዝም። ቀጣዩ ጷጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ያኔ የሚነሣውን ጣጣ አሁን በሙከራ መያዝ ይቻላል።

ቁጥሩን ብቻ መቀየርስ?

"ሁሉንም ከማውጣት 600ን በ2,000 ብንተካውስ?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ታላላቅ ኩባንያዎችም አድርገውታል። ማይክሮሶፍት በኖቬምበር 2017 እ.ኤ.አ. በኦፊስ ኢኩዌሽን ኤዲተር ውስጥ የነበረ የደኅንነት ቀዳዳ ሲዘጋ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ኮምፓይል የተደረገውን ፋይል በቀጥታ ማሽን ኮዱ ላይ እንዳረመው ዜሮፓች የተባለው የደኅንነት ማረሚያ ቡድን ተንታኞች አሳይተዋል። ማስረጃቸው ሁሉም ፈንክሽኖች በቀድሞ አድራሻቸው መቆየታቸው ነው፤ ከሶርስ እንደገና ኮምፓይል የተደረገ ፋይል እንዲያ አይሆንም። ያም ዘላቂ አልሆነም፤ ሌላ ቀዳዳ ተገኘና በጃንዋሪ 2018 መሣሪያው ከነጭራሹ ከኦፊስ ወጣ።

በደመወዙ ፕሮግራም ላይ ይህ መንገድ ለአስቸኳይ ወር ሊያገለግል ይችላል። የቀድሞው ሠንጠረዥ ሰባት እርከን፣ አዲሱ ስድስት ስለሆነ፣ የ600ም የ1,650ም ወሰን 2,000 ቢደረግ የ10 በመቶው እርከን ባዶ ሆኖ ይቀራል። የቀሩት ወሰኖች 4,000፣ 7,000፣ 10,000 እና 14,000 ይሆናሉ። ፕሮግራሙ ደመወዙን በመቶኛው አባዝቶ ተቀናሽ የሚያነሣ ከሆነ ተቀናሾቹም አብረው መቀየር አለባቸው፦ 142.50 ወደ 300፣ 302.50 ወደ 500፣ 565 ወደ 850፣ 955 ወደ 1,350፣ 1,500 ወደ 2,050።

አደጋው ግን እዚህ ነው። ኮምፓይለር አንድ ዓይነት ቋሚ ቁጥር ሁለት ቦታ ካገኘ አንዱን ቅጂ ለሁለቱም ሊጠቀም ይችላል። ያው 600 ለአበል ጣሪያም አገልግሎ ከሆነ፣ ግብሩ ሲስተካከል አበሉ ይበላሻል። ስለዚህ ከመንካት በፊት ያን አድራሻ የሚጠሩት ቦታዎች በሙሉ በጊድራ ይታዩ። ቁጥሩ ከግብር ውጭ ሌላ ጠሪ ካለው መንገዱ ይተው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የት ይረዳል?

ስም በማውጣት ላይ በእውነት ይረዳል። ዲኮምፓይለር ያወጣውን ስም አልባ ፈንክሽን ለቋንቋ ሞዴል ቢሰጡት "ይህ ጡረታ የሚያሰላ ነው፣ 7 በመቶው የሠራተኛው 11 በመቶው የአሠሪው" ብሎ ተስማሚ ስም ይጠቁማል። ያ የቀናት ድካም ያቀልላል። ኮዱን እንደገና እንዲጽፍ ሲታዘዝ ግን ያየውን ሳይሆን መሆን ነበረበት ብሎ የሚያስበውን የመጻፍ ዝንባሌ አለው፤ "ያንሳል" የነበረውን "ያንሳል ወይም ይተካከላል" ያደርገዋል፣ 1460ን ወደ 1461 "ያርመዋል"። ለስም ይጠየቅ፣ ለስሌት አይታመን። ከመላኩ በፊትም ኮዱ ይፈተሽ፤ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል በፕሮግራሙ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ መገኘቱ የተለመደ ነው።

መስማማቱን ማረጋገጥ

የጨዋታ ወዳጆች ሱፐር ማሪዮ 64ን ሲመልሱ የያዙት መለኪያ ከሁሉም የጠበቀ ነው፦ የጻፉት ሶርስ በያኔው ኮምፓይለር ሲያልፍ ከዋናው ጋር ባይት በባይት እኩል የሆነ ፋይል ይሰጣል። ለመሥሪያ ቤት ፕሮግራም ያን ያህል መሄድ አያስፈልግም፤ ውጤቱ ግን እስከ ሳንቲም ይስማማ።

አሮጌው ፕሮግራም በቨርቹዋል ማሽኑ ላይ እየሠራ የማመሳከሪያ መልስ ይሰጠናል። በእያንዳንዱ ወሰን ላይ፣ ከወሰኑ አንድ ሳንቲም በታችና አንድ ሳንቲም በላይ ያለ ደመወዝ ይግባ። ዜሮ ደመወዝ፣ በወር አጋማሽ የተቀጠረ ሠራተኛ፣ ቅጣት ያለበት፣ ጷጉሜን ላይ የለቀቀ፣ ሁሉም ይሞከሩ። የማሽኑ ሰዓት ወደ ጷጉሜን 6 ተዛውሮም ይታይ። የወጣው ሁሉ በፋይል ተቀምጦ አዲሱ ኮድ በተነካ ቁጥር ይነጻጸር።

በዚህ ደረጃ በተደጋጋሚ የሚወጣው ልዩነት የአንድ ሳንቲም ነው፣ ምክንያቱም ማጠጋጋት። የቪዥዋል ቤዚክ 6 ራውንድ ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደ ተጋማሹ አኃዝ ይሄዳል፤ 2.5ን 2፣ 3.5ን 4 ያደርጋል። የሲ ሻርፕና የፓይተን 3 የተለመደው ማጠጋጊያም እንዲያው ነው። የጃቫና የጃቫስክሪፕት ማዝ ራውንድ፣ እንዲሁም ኤክሴል፣ 2.5ን 3 ያደርጋሉ። አዲሱ ኮድ በጃቫ የሚጻፍ ከሆነ ይህ ከመጀመሪያው ይወሰን፤ ካልሆነ የሠራተኞች ድምር ከባንክ ዝርዝሩ ጋር አይገጥምም።

ሲነጻጸር የአሮጌው ፕሮግራም ስሕተቶችም ይገለጣሉ። የመመለሱን ሥራ የሚሠራው ሰው እነዚህን በራሱ ፈቃድ ማረም የለበትም። ስሕተቱ እንዳለ ይገልበጥ፣ በዝርዝር ይመዝገብ፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ ስንት ሠራተኛ እንደነካ ተሰልቶ ለፋይናንስ ኃላፊው በጽሑፍ ይቅረብ። ከተከፈለ ደመወዝና ወደ ገቢዎች ከሄደ ግብር ጋር የተያያዘ ውሳኔ የፕሮግራመር አይደለም። ማረሚያው ሲፈቀድ ራሱን ችሎ፣ በተለየ ቀንና በተለየ የለውጥ መዝገብ ይግባ፤ ያን ጊዜ ከማመሳከሪያው የሚለየው መስመር ሁሉ ለምን እንደተለየ ይታወቃል።